ጥለቱ ላይ የሚጨፍሩት ነጥቦች፦ ቢጫዋ ገመድ፣ ዲኮደሩና የቀለም ማጣሪያው

(ደብረ ብርሃን ላይ ለቪዲዮ ባለሙያዎች፣ ለጥገና ሰዎችና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ብርድ ችላችሁ፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ርዕሱ ላይ “ዲጂታል ማጣሪያ” የሚል ነገር ስላለ ግማሹ ሰው ይቀራል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አልቀራችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቢጫ ገመድ ነው። ታውቋታላችሁ። ከዴኩ ጀርባ ወጥታ ቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰካዋ። ቀይና ነጯ ድምፅ ይይዛሉ። ምስሉን የምትሸከመው ቢጫዋ ብቻ ናት።

ከእናንተ ብዙዎቹ የሰርግና የክርስትና ካሴት ወደ ፍላሽ የምትገለብጡ ናችሁ። ካሴቱ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከዓለም ከተማ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል። ባለቤቱ “እንደው ጥራቱን ጨምሩልኝ” ይላል። ትገለብጡታላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስትከፍቱት የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈው ይጨፍራሉ። ያኔ የሁላችንም መልስ አንድ ነው፦ ካሴቱ አርጅቷል።

ካሴቱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ካሴት ግን የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ በረዶ፣ ነጭ ጭረት፣ ከታች የሚጣመም ምስል። በጠርዝ ላይ የሚጨፍሩ ነጥቦች የእርጅና ምልክት አይደሉም። ቀለምና ብርሃን አንድ ገመድ ውስጥ ገብተው፣ በኋላ ሲለያዩ በደንብ ስላልተለያዩ የመጡ ናቸው። የሚለያያቸው ክፍል ዲኮደር ይባላል። እኔ የምለው ደግሞ ይህን ነው፦ ዲኮደር ውስጥ ያለው ማጣሪያ በጣም የረቀቀ ስለሆነ ብቻ አይሻልም። ለመጣው ሲግናል የሚስማማው ነው የሚሻለው። ለቪኤችኤስ፣ ማለትም ለተለመደው የቤት ቪዲዮ ካሴት፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስማማው በጣም ቀላሉ ነው። ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም።

መጀመሪያ ለምን እንደተደባለቁ እንይ። ቴሌቪዥን ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ነበር። የእኛም በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር እንዲሁ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ ነው። አሜሪካኖች ቀለም ለመጨመር ሲነሱ አንድ ችግር ገጠማቸው። ሰው ቤት ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሥራ እንዲያቆም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ብርሃኑ እንደ ድሮው ይሂድ፣ ቀለሙ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ በድብቅ ይጫን አሉ። ኤንቲኤስሲ የሚባለው ደንባቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ጸደቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቴሌፉንከን የሚሠራው ጀርመናዊው ዋልተር ብሩህ ያንን አሻሽሎ ፓል የሚባለውን አመጣ። ፓል እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን ላይ ሥራ ጀመረ። እኛም የወሰድነው ፓልን ነው። ሰፈራችን ያለ የድሮ ካሴት ሁሉ ማለት ይቻላል ፓል ነው።

ብርሃኑ የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነው። እኩል እኩል ግን አይደለም። ከቀይ 0.299፣ ከአረንጓዴ 0.587፣ ከሰማያዊ 0.114 ተወስዶ ይደመራል። ዓይናችን አረንጓዴን አብልጦ ስለሚያይ ነው። ቀለሙ ደግሞ በሁለት ልዩነቶች ይገለጻል፤ ሰማያዊ ሲቀነስ ብርሃን፣ ቀይ ሲቀነስ ብርሃን። ሁለቱ አንድ ሞገድ ላይ ይጫናሉ። የዚያ ሞገድ ከፍታ ቀለሙ ምን ያህል እንደደመቀ ይናገራል። ፌዙ፣ ማለትም ሞገዱ ከመነሻው ምን ያህል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደመጣ፣ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ የሚለውን ይናገራል። መነሻውን ዲኮደሩ እንዲያውቅ በየመስመሩ መጀመሪያ፣ ምስሉ ከመምጣቱ በፊት፣ ወደ 10 ዙር የሚሆን ንጹሕ ሞገድ ይላካል። በርስት ይሉታል።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት። ፓል 625 መስመር አለው፤ በሰከንድ 25 ምስል። ሲባዛ 15,625 መስመር በሰከንድ ይሆናል። ፒየር መርትዝና ፍራንክ ግሬይ የሚባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1934 አንድ ነገር አሳዩ። የቴሌቪዥን ሲግናል ጉልበት በሁሉም ፍሪኩዌንሲ (ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ላይ እኩል አይበተንም። በመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ብዜቶች ዙሪያ ይከማቻል፤ በብዜትና በብዜት መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በገብሱ ትልምና ትልም መካከል ባቄላ የዘራ ገበሬ አስቡ። ማሳው አንድ ነው፣ ሰብሉ ሁለት። ረድፉን ጠብቆ የሚያጭድ ሰው አይደባልቃቸውም። የቀለም መሐንዲሶቹም ያደረጉት ይህንን ነው። የፓል ቀለም ሞገድ 4.43361875 ሜጋኸርዝ ነው፤ በሰከንድ ከ4.4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይምሰላችሁ፤ 15,625 በ283.75 ተባዝቶ 25 ሲደመርበት የሚመጣ ነው። ያቺ 0.75 ናት ቀለሙን ከብርሃኑ ረድፍ ውጭ የምታስቀምጠው።

ችግሩ አጫጁ ነው።

የመጀመሪያው አጫጅ ኖች ፊልተር ነው። አሠራሩ ድፍን ነው። 4.43 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሁሉ ከብርሃኑ ላይ ቆርጦ ይጥላል። እዚያ አካባቢ ያለውን ሁሉ ደግሞ ባንድ ፓስ የሚባለው ማጣሪያ “ቀለም ነው” ብሎ ይወስዳል። ረድፍ አያይም። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። የብርሃኑ ረቂቅ ዝርዝር አብሮ ይቆረጣል፤ የነጠላው ክር፣ የሽሩባው መስመር ይደበዝዛል። ቀለም ያልነበረው ቀጭን ሽንትር ደግሞ ቀለም ነው ተብሎ ይወሰድና ኮቱ ላይ ቀስተ ደመና ይመጣል። የዜና አቅራቢዎች ጥቃቅን መስመር ያለው ኮት እንዳይለብሱ ይነገራቸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም ሪሲቨራችሁን በቢጫዋ ገመድ ያገናኛችሁ ሰዎች ይህን ቀስተ ደመና እቤታችሁ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ኮምብ ፊልተር ነው። እሱ ረድፍ ያያል። እንዴት? መስመሮችን እርስ በርስ በማነጻጸር። በፓል አንድ መስመርና ከሁለት መስመር በኋላ ያለው መስመር ላይ የቀለሙ ሞገድ ተገልብጦ ይገኛል። ብርሃኑ ግን አይገለበጥም። ስለዚህ ቀላል ሒሳብ ይለያቸዋል።

ቁጥር እንስጠው። ብርሃኑ 100 ይሁን፣ የቀለሙ ሞገድ ከፍታ 20። አሁን ያለንበት መስመር ላይ ሞገዱ ወደ ላይ ስለሆነ ሲግናሉ 120 ነው። ከሁለት መስመር በፊት ተገልብጦ 80 ነበር። ከሁለት መስመር በኋላም 80 ነው። የመካከለኛውን ግማሽ ውሰዱ፦ 60። ከዚያ ላይ የላይኛውን ሩብ ቀንሱ፦ 20። የታችኛውንም ሩብ ቀንሱ፦ 20። የቀረው 20 ነው። ቀለሙ ወጣ። ይህን 20 ከ120 ላይ ስትቀንሱት 100። ብርሃኑም ወጣ። አንድም የጠፋ ዝርዝር የለም።

ዲጂታል ማጣሪያ ማለት በቃ ይህ ነው። ማባዛትና መደመር። ግማሽ፣ ሩብ፣ ሩብ የሚሉት ቁጥሮች ናቸው ማጣሪያውን ማጣሪያ የሚያደርጉት። ድሮ በአናሎግ ዘመን አንድን መስመር ለማዘግየት ምን ይደረግ እንደነበር አሮጌ ቴሌቪዥን የፈታ ሰው ያውቃል። ግላስ ዲሌይ ላይን የምትባል ጠፍጣፋ መስታወት ነበረች። ሲግናሉ ወደ ድምፅ ሞገድ ተቀይሮ መስታወቷ ውስጥ ሲንሸራሸር 64 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ልክ የአንድ መስመር ዕድሜ። እኔ እስከ ዛሬ ይህ ይገርመኛል። ዛሬ ግን ቺፕ ውስጥ መስመሩ ቁጥር ሆኖ ሜሞሪ ላይ ይጠብቃል። ቁጥሩ ሙቀት አይለውጠውም፣ ዕድሜ አይለውጠውም።

አሁን ደግሞ ኮምብ ፊልተር የሚሰናከልበትን እንይ። ያው ሒሳብ ነው። ታችኛው መስመር ግን ከጥለቱ ወርዶ ጥላ ላይ ይረፍ። ቀለም የለውም፣ ብርሃኑ 40 ነው። 60 ሲቀነስ 20፣ ሲቀነስ 10። ውጤቱ 30። ቀለሙ ከ20 ወደ 30 አደገ፤ ብርሃኑ ከ100 ወደ 90 ወረደ። በዚያው መስመር ሞገዱ ወደ ታች የሆነበትን ነጥብ ደግሞ አስሉት። መካከለኛው 80፣ የላይኛው 120፣ የታችኛው ያው 40። 40 ሲቀነስ 30፣ ሲቀነስ 10፣ ዜሮ። ቀለም የለም ብሎ ደመደመ፤ ብርሃኑን 80 አለው። እንግዲህ ሁለቱም 100 መሆን የነበረባቸው ነጥቦች አንዱ 90፣ አንዱ 80 ሆኑ። ከዚያ 90፣ 80፣ 90፣ 80 እያለ በጥለቱ ጠርዝ ላይ ይሄዳል። እነዚያ የሚጨፍሩት ነጥቦች እነዚህ ናቸው! እውነተኛ ቺፕ ላይ ከኮምቡ ኋላ ሌላ ማጣሪያ ስላለ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል፤ ነጥቦቹ ግን አይቀሩም።

በፓል ላይ ይህ ስሕተት ይብሳል። ምስሉ ተራ በተራ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹ። ስለዚህ “ሁለት መስመር” ያልኩት ሙሉው ምስል ላይ አራት መስመር ነው። ኮምቡ ከሩቅ ካለ ጎረቤት ጋር ነው የሚመካከረው። ኤንቲኤስሲ ቀለሙ በየመስመሩ ስለሚገለበጥ ለኮምብ ይቀላል። ፓል የቀለም ስሕተትን ለማረም በየመስመሩ አንዱን የቀለም ክፍል ይገለብጣል፤ ለዚያ የከፈለው ዋጋ አንዱ ይህ ነው።

መሐንዲሶቹ ይህን አይተው አዳፕቲቭ ኮምብ አመጡ። ቺፑ መስመሮቹን ያነጻጽራል። ከተመሳሰሉ ኮምብ፣ ከተለያዩ ወደ ኖች ይመለሳል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውሳኔው ግን ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ሌላው ስሪ ዲ ኮምብ ነው። ይህኛው ወደ ጎረቤት መስመር አይሄድም፤ ያው ቦታ ላይ የነበረውን የቀደመ ምስል ያመጣል። በፓል ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ የሚገኘው ከሁለት ምስል በፊት ነው፤ 80 ሚሊ ሰከንድ። ለማይንቀሳቀስ ነገር ድንቅ ነው። ሰርግ ላይ ግን ማን ነው ዝም ብሎ የሚቆም? እስክስታ ሲመጣ ያበቃለታል፤ ወደ ቀላሉ ማጣሪያ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንዱ ተማሪ “ስለዚህ አዳፕቲቭ ያለውን ካፕቸር ካርድ እንግዛ?” አለኝ፤ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ዕቃ ማለቱ ነው። ለዲቪዲ ማጫወቻና ለድሮ ሪሲቨር፣ አዎ። ለቪኤችኤስ ካሴት፣ ቆይ።

ካሴቱ ላይ ቀለምና ብርሃን ተደባልቀው አይደለም የተቀረጹት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ዴኩ ሲቀርጽ ለያይቶ ነው። ብርሃኑን ከ3.8 እስከ 4.8 ሜጋኸርዝ ባለው ኤፍኤም (ፍሪኩዌንሲው ከብርሃኑ ጋር ከፍ ዝቅ በሚል ሞገድ) ያደርገዋል። ቀለሙን ደግሞ አውርዶ 627 ኪሎኸርዝ አካባቢ ከሥሩ ያስቀምጠዋል። ሲያጫውት ሁለቱን ለየብቻ ያነባል፣ ቀለሙን ወደ 4.43 ይመልሰዋል፣ ከዚያም ለቢጫዋ ገመድ ሲል ይደባልቃቸዋል። ተለያይተው የነበሩትን ደባልቆ ይሰጠናል፤ እኛ ደግሞ ለመለያየት እንለፋለን። ሥራ ፈት ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ከቪኤችኤስ የሚወጣው ብርሃን 3 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላይ ያልቃል። ኖች ፊልተር የሚቆርጠው 4.43 አካባቢ ነው። እዚያ ምን አለ? ከቀለሙ በቀር ምንም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ “ኖች ዝርዝር ያጠፋል” የሚለው ክስ ለካሴት አይሠራም። የሚጠፋ ዝርዝር ከመጀመሪያውም የለም።

ሁለተኛ፣ ኮምብ የሚሠራው ያቺ 283.75 ከተጠበቀች ነው። ካሴት ግን ላስቲክ ነው። ቴፑ ይለጠጣል፣ ቴፑን የሚያነበው ሄድ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ መስመር ከሌላው በጥቂቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የቀለሙ ሞገድ ደግሞ ዴኩ ከራሱ ክሪስታል ያመጣው ነው፤ ከመስመሩ ርዝመት ጋር አይሄድም። ኮምቡ “ተገልብጦ አገኘዋለሁ” ያለው ሞገድ ገና በከፊል የዞረ ሆኖ ይቆየዋል። ያኔ ጠርዝ በሌለበትም ነጥብ ይፈጥራል። ብዙ ቺፖች ከካሴት የመጣ ሲግናል መሆኑን ሲያውቁ ኮምቡን ራሳቸው ያጠፋሉ፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም። አንዳንድ የካፕቸር ሶፍትዌር ላይ “ቪሲአር ኢንፑት” የምትል ሳጥን አለች። ይህች ሳጥን ቺፑ የሚዋዥቀውን መስመር ቶሎ ቶሎ እንዲከተል ታደርገዋለች። ካሴት ስትገለብጡ ምልክት አድርጉባት።

ከሁሉ የሚሻለው ጨርሶ አለመደባለቅ ነው። ለዚህ ኤስ ቪዲዮ አለ። አራት ቀጭን ፒን ያላት ክብ መሰኪያ። ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ካመጣው ከኤስ ቪኤችኤስ ጋር ነው የታወቀችው። ብርሃኑ በአንድ ሽቦ፣ ቀለሙ በሌላ። ማጣሪያ አያስፈልግም፣ ነጥብ የለም። ተራ ዴክ ላይ አትገኝም። ሜርካቶ አሮጌ ዕቃ ስታገላብጡ ኤስ ቪኤችኤስ የሚል ዴክ ካያችሁ ግን አትለፉት፤ ተራውን ካሴትም ያጫውታል። ሰው ካሜራ ላይ ሲያወጣው ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን እዚህ ላይ ቢያውለው ኖሮ ስንት ሰርግ በተረፈ ነበር፤ ይህ የግሌ ብስጭት ነው።

ስለ መዘግየትም ልበል። ማጣሪያ ጊዜ ይወስዳል። ጠባብ ማጣሪያ የበለጠ ይወስዳል። የቀለሙ ማጣሪያ ጠባብ ስለሆነ ቀለሙ ከብርሃኑ ኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ዲኮደሩ ብርሃኑን ሆን ብሎ ያቆየዋል፤ ሁለቱ አብረው እንዲወጡ። ማቆያው ልክ ካልሆነ የሙሽራዋ የከንፈር ቀለም ከከንፈሯ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ወደ ታች የተንሸራተተ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዴኩ ራሱ ውስጥ የቀለሙን ጫጫታ ለማጥፋት መስመሮችን የሚያደባልቅ ማጣሪያ አለ፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ቀለሙ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ቀለሙ በጣም የወረደ ካሴት ካያችሁ “ኦርጅናሉ ማን ጋ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት አክስት ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ሻርፕነስ የምትሏትም ማጣሪያ ናት። ጠርዝን ታጋንናለች። ዝርዝር አትጨምርም፤ የሌለውን ከየት ታምጣ? ካሴት ላይ ከፍ ስታደርጓት ጫጫታው ነው የሚሳለው፣ ፊት ዙሪያም ነጭ ጥላ ይመጣል። አውርዷት።

ስለ ቁጥሩ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ብርሃኑ በሰከንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ ይለካል። ለአንድ የፓል መስመር ሲካፈል 864 ይሆናል፤ ከዚያ 720ው ለምስሉ ነው። ቀለሙ የሚለካው በግማሹ ነው፣ ዓይናችን ቀለምን በዝርዝር ስለማያይ። ጥቁር 16 ነው፣ ነጭ 235። ሶፍትዌራችሁ ጥቁር ዜሮ ነው ብሎ ካሰበ ምስሉ ግራጫ ጉም የለበሰ ይመስላል። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ የምወደው ነው። ቢቢሲ ድሮ በቀለም የቀረጻቸውን ብዙ ፕሮግራሞች ቴፑን ደግሞ ለመጠቀም ሲል አጥፍቷቸዋል። ለውጭ አገር ጣቢያዎች ለመሸጥ ግን ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ይገለብጥ ነበር፤ ስክሪኑን በፊልም ካሜራ እየቀረጸ። እንዲህ ሲደረግ የቀለሙ ሞገድ ተጣርቶ መውጣት ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን አላጣሩትም። ጥቃቅን ነጥቦች ፊልሙ ላይ አብረው ተቀረጹ። ለዐሥርት ዓመታት ሰው ሲያያቸው ቆሻሻ ነበሩ። በኋላ ግን ጥቂት ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ፦ እነዚህ ነጥቦች እኮ ቀለሙ ናቸው! የቀድሞው የቢቢሲ መሐንዲስ ሪቻርድ ራስል ፊልሙን በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርጎ፣ የተጣመመውን አቃንቶ፣ ነጥቦቹን እንደገና ዲኮድ የሚያደርግ ሶፍትዌር ጻፈ። ከባዱ ነገር በርስት አለመኖሩ ነበር፤ እሷ ከምስሉ ውጭ ስለሆነች ፊልሙ ላይ አልገባችም። ፌዙን ከምስሉ ራሱ መገመት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ቀለሟ ጠፍቶ የነበረች አንዲት የኮሜዲ ክፍል በራሷ ቀለም ተመልሳ ታየች። ማንም አልቀባትም።

ይህን የምነግራችሁ ለአንድ ነገር ነው። ቶሎ አታጣሩ። ካጣራችሁት በኋላ የሚመለስ የለም። አሁን ደግሞ ሲግናሉን ከዴኩ ሄድ ላይ በቀጥታ ወስደው፣ ዲኮዱን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ማጣሪያውን ባልወደዱት ቁጥር ቀይረው እንደገና ያስኬዱታል፤ ካሴቱን ዳግም መንካት የለም። ብየዳና ትዕግሥት ይጠይቃል። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ሞክሩት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። የማስታውሳቸውን ልጻፍ።

አንድ የቆዩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ተነሡ። “ልጄ፣ የደንበኛ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ ሪሲቨር ስሰካ ጥቁርና ነጭ ብቻ ያሳያል። ገመድ ቀየርኩ፣ ያው ነው” አሉ። “ጋሼ፣ ሁለት ነገር ይዩልኝ” አልኳቸው። ሪሲቨሩ ኤንቲኤስሲ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ ፓል ላይ ተገድዶ ከሆነ፣ ዲኮደሩ የሚያውቀውን በርስት አያገኝም። ያኔ የተሳሳተ ቀለም ከሚያሳይ ቀለሙን ያጠፋዋል፤ ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ላይ አረንጓዴዋ ቀዳዳ ለቢጫዋም ታገለግላለች። ምርጫው ኮምፖነንት (ብርሃንና ቀለም በተለያየ ገመድ የሚገባበት) ላይ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ብርሃን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ቀለም አይለይም፤ ቀረብ ብለው ካዩ የቀለሙ ሞገድ እንደ ጥልፍ ሆኖ ምስሉ ላይ ይታያል። ወደ ኤቪ መቀየር ብቻ ነው። ግን ጋሼ፣ ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ካለው ቢጫዋን ጨርሰው ይንቀሏት። ከዲሽ የመጣው ምስል ዲጂታል ነው፤ ቀለሙና ብርሃኑ ተለያይተው ነው የመጡት። ቢጫዋ ደባልቃ ነው የምታበላሻቸው። ስንት ቤት ነው ኤችዲኤምአይ ባዶውን አቧራ ሲጠጣ፣ ጎረቤቱ ቢጫዋ ተሰክታ የሚገኘው!

አንዲት ተማሪ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጠየቀች። “ነጥቡን እሱ ያጠፋዋል፣ ምስሉንም ያሳድገዋል፣ ታዲያ ዲኮደር ለምን ያስጨንቀናል?” ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ ሶፍትዌሮች ነጥብና ዝርዝርን ሁልጊዜ አይለዩም። የጥለቱን ጠርዝ ነጥቦች ጥልፍ ናቸው ብሎ አጉልቶ የሚስል አለ። ያኔ የሌለ ጥለት አሠርታችሁ ለባለቤቷ መስጠት ነው። እናትዬው ደግሞ ጥለቷን ታውቃለች። መጀመሪያ ዲኮዱ ይስተካከል፣ ማሳደጉ ኋላ ይምጣ።

“ቀዝቃዛ ካሴት ዴኩ ለምን አይቀበልም?” ያለም ነበር። ከዚህ ብርድ ካሴቱን ይዛችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስትወርዱ ጤዛ ይይዘዋል። ብዙ ዴክ እርጥበት ሲያውቅ አልሠራም የሚል ሴንሰር አለው። ካሴቱንም ዴኩንም ጥቂት ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አስገቡት።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ፋይል መጠን ነበር። ሳይታመቅ የተቀዳ የፓል ምስል በሰከንድ 20.7 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 720 በ576 በ25፣ ለአንድ ነጥብ ሁለት ባይት። የአንድ ሰዓት ካሴት 75 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሳይጎድል የሚያሳንሱ ፎርማቶች አሉ፤ ኤፍኤፍቪ1 አንዱ ነው፣ ነጻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለደንበኛው ኤምፒ4 ስጡት፣ ስልኩ ላይ ያያል። ትልቁን ፋይል ግን በሃርድ ዲስክ ለብቻ አስይዙት ወይም እናንተ ጋ አስቀምጡት። “ለዚያ ስንት እናስከፍል?” ብለው ጠየቁኝ። እሱ ላይ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ሰዓቱም ስለደረሰ ክርክሩን ወደ ሻይ ቤት ወሰድነው።